አዲስ ቶከን በ0.05 ዶላር፦ ርካሽ ነው ውድ? እንዴት ነው የሚታወቀው?

የቡሬ_ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ከቡሬ ነኝ። ትንሽ ረዘም ይላል ግን ታግሳችሁ አንብቡልኝ። ዘንድሮ ከእህቴ ጋ በርበሬ ነግደን ወጪያችንን ሁሉ ከፍለን የተረፈችን 60 ሺ ብር አለች፣ ሐሳባችን በሷ ላይ ትንሽ ጨምረን መናኸሪያው አካባቢ ሱቅ ለመከራየት ነበር። በቅርቡ አንድ የልብ ጓደኛዬ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገባኝና አዲስ ቶከን (የክሪፕቶ ገንዘብ) አለ አለኝ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ በኔ ፖስት ሰው ሄዶ እንዲገባም አልፈልግም ሳይጣራ ስማቸው እንዲጠፋም አልፈልግም። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ገበሬና እህል ነጋዴ በብሎክቼይን (ሁሉም ሰው በሚያየው የጋራ የኢንተርኔት መዝገብ) የሚገበያይበት ነው፣ ደላላ የለም፣ ክፍያው በቶከኑ ነው ይላሉ። ዋጋው አሁን 0.05 ዶላር ነው። ጠቅላላ ብዛቱ 10 ቢሊዮን፣ ገበያ ላይ የወጣው 400 ሚሊዮን። አድሚኑ በቀን ሶስት አራት ጊዜ "ይሄ 1 ዶላር የሚገባ ነው፣ በ5 ሳንቲም የምታገኙት ቀድማችሁ ስለመጣችሁ ነው" እያለ ይጽፋል።

ለሙከራ በ3 ሺ ብር ገዝቻለሁ፣ 400 የማትሞላ ቶከን ደርሳኛለች። የቀረችውን 57 ሺ ላስገባ ወይ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፣ ግን ከሱ በፊት የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው፦ አንድ ነገር በዋጋው ነው ወይም ከዋጋው በላይ ነው የሚባለው በምን ነው? በርበሬ ቢሆን ዛላውን አንስቼ ጆሮዬ ጋ አንቀጫቅጨዋለሁ፣ ፍሬው ከጮኸ ደርቋል። ጨብጬው ሳይሰበር እንደ ቆዳ ከታጠፈ ውሃ ተረጭቶበታል፣ ከኩንታሉ ውስጥ ስንቱ ኪሎ ውሃ እንደሆነ እገምታለሁ፣ ፍኖተ ሰላምና ባሕር ዳር ደውዬ የዛሬውን ዋጋ እጠይቃለሁ፣ ከዛ ነው አፌን የምከፍተው። እዚህኛው ላይ የምጨብጠው ነገር አጣሁ።

ጣና_ዳር፦
ወንድሜ እኔ ብሆን ይሄን ያህል አላስብም ነበር። ቢትኮይንም እኮ ገና በፈረንጆቹ 2011 መጀመሪያ ላይ ነው አንድ ዶላር የሞላው፣ ያኔ ውድ ነው ርካሽ ነው እያለ ሒሳብ ሲሰራ የቆየ ሰው ነው ዛሬ የሚቆጨው። 5 ሳንቲም ምንም ማለት አይደለም፣ 50 ሳንቲም ቢገባ እንኳ 10 እጥፍ ነው፣ 57ቷ ሺ 570 ሺ ሆነች ማለት ነው። እኛ ጋ ወጣቱ ዲግሪ ይዞ ቤት ተቀምጧል፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ግን አትግቡ የሚለው ሰው ነው የሚበዛው፣ እውነቴን ነው ያሳዝነኛል።

መንቆረር፦
ከደብረ ማርቆስ ነኝ፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። "5 ሳንቲም ርካሽ ነው" የሚለውን ነገር ከስሩ እንየው በማርያም፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ጋ ነው። የአንዱ ቶከን ዋጋ ለብቻው ምንም አይነግርህም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 አክሲዮን ሲሸጥ አንዱን በ300 ብር ነበር አይደል፣ ለሽያጭ ያቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ነው፣ እሱ ደሞ የድርጅቱ 10 በመቶ ነው። ስለዚህ መቶ በመቶው 1 ቢሊዮን አክሲዮን ነው፣ በ300 ስታባዛው 300 ቢሊዮን ብር። የገባው ሰው ያኔ ራሱን የጠየቀው 300 ብር ትበዛለች ታንሳለች ብሎ አይደለም፣ ቴሌ ሙሉው 300 ቢሊዮን ያወጣል ወይ ብሎ ነው። አንዱን አክሲዮን 3 ብር አድርገው 100 ቢሊዮን ቦታ ቢቆራርሱት ኖሮ ቴሌ አይረክስም፣ ቁራጩ ነው የሚያንሰው።

አሁን ያንተን እናባዛ። 10 ቢሊዮን በ0.05 ሲባዛ 500 ሚሊዮን ዶላር። አድሚኑ እንደሚለው 1 ዶላር ቢገባ 10 ቢሊዮን ዶላር። የሕዳሴው ግድብ ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር ወጣበት ነው የሚባለው፣ 14 ዓመት ተለፍቶበት አባይ ላይ የቆመ ተርባይኑ የሚዞር ግድብ ነው። ሰውየው ሁለት ሕዳሴ ያወጣል ነው እያለህ ያለው። የዛሬው ዋጋ ራሱ የግድቡን አንድ አስረኛ ያክላል። ሁለት ሶስት ወር የሞላው ዌብሳይት የግድቡን አንድ አስረኛ ያወጣል ወይ፣ ጥያቄው ይሄ ነው እንጂ 5 ሳንቲም አይደለም።

ጣና_ዳር፦
ቆይ ግን 10 ቢሊዮኑን ለምን ትቆጥርበታለህ? ገበያ ላይ ያለው 400 ሚሊዮን ብቻ ነው፣ በ0.05 ሲባዛ 20 ሚሊዮን ዶላር ነው ማርኬት ካፑ። ክሪፕቶ ውስጥ 20 ሚሊዮን ገና ጥንስስ ነው። የቀረው ሪዘርቭ ነው፣ ላይወጣ ይችላል፣ የሚያቃጥሉትም (እስከ ወዲያኛው ከጥቅም ውጪ የሚያደርጉትም) አሉ። ሺባ የሚባለውን ቶከን ታሪክ ታውቃለህ፣ ግማሹን ከቢትኮይን ቀጥሎ ያለውን ኢቴሪየም ከመሠረቱት አንዱ ለሆነው ለቪታሊክ ላኩለት እሱ ደሞ በፈረንጆቹ 2021 ከደረሰው አብዛኛውን አቃጠለው። ያልተሸጠ ነገር ቆጥሮ ውድ ነው ማለት ልክ አይመስለኝም።

የሒሳብ_መምህር፦
እኔ ደጀን ነው ያለሁት፣ አስተማሪ ነኝ፣ ዕድሜዬም ትንሽ ገፋ ያለ ነው። ጣና ዳር ያነሳው ጥያቄ የሚገባ ጥያቄ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፣ የሚለኩት ነገር ነው የሚለያየው። አንድ ነጋዴ 100 ኩንታል በርበሬ አለው እንበል፣ 96ቱን መጋዘን ቆልፎ 4 ኩንታል አውጥቶ ገበያ ላይ ዘረጋ። በዛ ቀን ሌላ ሻጭ ባይኖር ዋጋውን የሚጠራው እሱ ነው። ያ ዋጋ ግን የ4ቱ ኩንታል ዋጋ ነው እንጂ የመቶው አይደለም። ገዢው ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፦ መጋዘኑ የሚከፈተው መቼ ነው፣ ቁልፉስ ማን ጋ ነው። እኛ አገር ቅኔ ሲዘረፍ ሰሙን ብቻ ሰምቶ የሚሄድ አለ፣ ቆም ብሎ ወርቁን የሚፈልግ አለ። ስክሪኑ ላይ የምታዩት 0.05 ሰሙ ነው። ልጄ፣ የአንሎክ መርሐ ግብራቸው፣ የተቆለፈው መቼ መቼ እንደሚለቀቅ ማለቴ ነው፣ ፕሮጀክታቸውን በሚያስረዳው ወረቀት ላይ አለ? ካለ ጻፍልን።

የቡሬ_ልጅ፦
መምህር እግዜር ይስጥልኝ። አዎ አለ፣ ፈልጌ አገኘሁት። ለሠሪዎቹ 2 ቢሊዮን ተይዟል፣ ከተጀመረበት ቀን አንስቶ 6 ወር ይቆለፋል ከዛ በ24 ወር ውስጥ እኩል እኩል ይለቀቃል ይላል። የቀረው "ለማስፋፊያ፣ ለሽልማት፣ ለአጋሮች" ነው የሚለው፣ ቀን የለውም። ገበያ ላይ ከወጣ አሁን 2 ወሩ ነው።

የሒሳብ_መምህር፦
እንግዲህ አስላው። 2 ቢሊዮን ለ24 ሲካፈል በወር ከ83 ሚሊዮን በላይ ነው። በ0.05 ዶላር ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማለት ነው በየወሩ። ከ4 ወር በኋላ ዋጋው እንዲጨምር ሳይሆን እዛው ባለበት እንዲቆም ብቻ በየወሩ ይሄን የሚገዛ አዲስ ገንዘብ ከሆነ ቦታ መምጣት አለበት። የማይሸጡት ቢኖሩም ማንም አይሸጥም ብለህ ልትቀመጥ አትችልም፣ እነሱ ያገኙት በነጻ ነውና በ1 ሳንቲምም ቢሸጡት ትርፍ ነው። መለቀቅ ከጀመረ በ6 ወር ውስጥ 500 ሚሊዮን ይጨመራል፣ ያኔ ገበያ ላይ ያለው ከ400 ሚሊዮን 900 ሚሊዮን ይሆናል። የሚገዛው ሰው ቁጥር ከእጥፍ በላይ ካላደገ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ እኔ 400 ሚሊዮኑን ብቻም 10 ቢሊዮኑን ብቻም አልይዝም፣ መጀመሪያ የአንድ ዓመቱን እቆጥራለሁ፣ ቀን የሌለውን 7 ቢሊዮን ምናምን ደሞ ማን እጅ እንዳለ ሳላረጋግጥ እንደሌለ አልቆጥረውም።

ቢትኮይንን ላነሳኸው ደሞ፣ ጣና ዳር፣ 21 ሚሊዮን ብቻ እንደሆነ ከመጀመሪያው ታውቋል፣ ሁሉም እየተቆፈረ ነው የወጣው፣ ለሠሪው ተብሎ በነጻ የተቀመጠ 96 በመቶ መጋዘን አልነበረውም። 1 ዶላር ስለነበር አይደለም እንዲህ የሆነው።

ሰላም_ከፍኖተ_ሰላም፦
ይሄን ክር ሳነብ ወንድሜ ትዝ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ፓይ የሚባለውን፣ በስልክ በየቀኑ እየተጫኑ የሚሰበስቡትን ቶከን፣ ሲጫን ስንት ዓመቱ፣ ሌሊት ተነስቶ ይጫን ነበር፣ ኔት ሲጠፋ ደጅ ወጥቶ እስከ ላይኛው ሰፈር ይሄድ ነበር። በፈረንጆቹ የካቲት 2025 ሜይንኔቱ (ፓይ በገበያ የሚሸጥበት ኔትወርክ) ሲከፈት ዋጋው 3 ዶላር ሊደርስ ተቃረበ። አንዱን ሁለቱን መቶ ሽጥ አልነው፣ እናታችንም ለመነችው። እሱ ግን ያለበት ግሩፕ ውስጥ የፓይ እውነተኛ ዋጋ 314,159 ዶላር ነው፣ ከዛ በታች የሸጠ ከሐዲ ነው ይሉታል። አንድ ማታ ወጥ እየሰራሁ ስልኬን አውጥቼ 314,159ን በ100 ቢሊዮን አባዛሁት፣ የመጨረሻ ብዛቱ 100 ቢሊዮን ነው ስለተባለ። ካልኩሌተሩ ዜሮው አልበቃ ብሎት "ኢ" የሚል ፊደል አወጣ። ደግሜ በወረቀት ሰራሁት፣ ከ31 ሺ ትሪሊዮን ዶላር በላይ ነው። ዓለም በሙሉ፣ አሜሪካውም ቻይናውም እኛም ተደምረን በዓመት የምናመርተው ወደ 110 ትሪሊዮን ነው። የሰው ልጅ በሙሉ 280 ዓመት ሳይበላ ሰርቶ ነው የሚገዛው ማለት ነው። አሳየሁት። አኮረፈኝ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ከ1 ዶላር በታች ወረደ፣ ከዛም እየወረደ ሄደ፣ አሁንም አልሸጠም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፣ እባካችሁ ማባዛቱን ከመግዛታችሁ በፊት አድርጉት፣ ከገዛችሁ በኋላ ቁጥሩን ዓይናችሁ አያየውም።

መንቆረር፦
እህቴ ወንድምሽን አይዞህ በይልኝ። ያን ሰሞን እኮ በ3 ዶላር ራሱ 100 ቢሊዮን ሲባዛ 300 ቢሊዮን ዶላር ነበር፣ ያኔ የኢቴሪየም ሙሉ ዋጋ ማለት ነው። 3 ዶላሩም ቢሆን ለመላው ፓይ የሚበቃ ዋጋ አልነበረም፣ ከመጋዘን የወጣው ትንሹ ዋጋ ነው። ሃምስተር የሚባለው የቴሌግራም ጨዋታ ቶከንም እንደዚሁ ነበር፣ መስከረም 2017 ላይ ሲወጣ 1 የዶላር ሳንቲም አካባቢ ነበር፣ 100 ቢሊዮን ስለሆነ 1 ቢሊዮን ዶላር ነው። ልጆቹ ግን "1 ሳንቲም ብቻ?" ብለው ነው ያዘኑት።

ኮድ_ባሕር_ዳር፦
ፕሮግራመር ነኝ። አንድ ያልተነሳ ትልቅ ነገር አለ፣ 20 ሚሊዮን ዶላር ማርኬት ካፕ ማለት 20 ሚሊዮን ዶላር አለ ማለት አይደለም። የቡሬ ልጅ፣ የገዛህበት ፑል (ዶላርና ቶከን የሚለዋወጡበት የጋራ ካዝና) ውስጥ ስንት አለ? ዲሴንትራላይዝድ ኤክስቼንጅ (መሐል ላይ ድርጅት የሌለበት መገበያያ) ላይ ከሆነ የፑሉን ገጽ ክፈትና በአንድ በኩል ስንት ዩኤስዲቲ (ዋጋው 1 ዶላር ላይ እንዲቆም የተሠራ ቶከን) በሌላ በኩል ስንት ቶከን እንዳለ ጻፍልኝ።

የቡሬ_ልጅ፦
45 ሺ ዩኤስዲቲ አካባቢ እና 900 ሺ ቶከን አካባቢ ይላል።

ኮድ_ባሕር_ዳር፦
በቃ አየኸው። ይሄ አሠራር በፈረንጆቹ 2018 የጀመረው ዩኒስዋፕ የሚባለው ኤክስቼንጅ ያስፋፋው ነው፣ አብዛኛው ኮፒ ነው። ፑሉን ሁለት ማዳበሪያ ይዞ እንደተቀመጠ ባለሱቅ አስበው፣ በአንዱ ዶላር በአንዱ ቶከን። ሕጉ አንድ ነው፣ የሁለቱ ማዳበሪያ ብዛት ሲባዛ የሚመጣው ቁጥር መቀየር የለበትም። ቶከን ጨምረህበት ዶላር ስትወስድ ቀጥሎ ለሚመጣው ዋጋው ይወርዳል። አሁን አንድ ሰው መጥቶ 900 ሺ ቶከን ቢሸጥ ምን ይሆናል? የቶከኑ ማዳበሪያ 1 ሚሊዮን 800 ሺ ይሆናል፣ እጥፍ ሆነ፣ ስለዚህ የዶላሩ ግማሽ ይሆናል፣ 22,500 ይቀራል። ሻጩ 22,500 ዶላር ይዞ ወጣ። ዋጋው ከ0.05 ወደ 0.0125 ወረደ፣ 75 በመቶ ጠፋ። በአንድ ሰው ሽያጭ ነው። 900 ሺ ቶከን ደሞ ገበያ ላይ አለ ከተባለው 400 ሚሊዮን ውስጥ ከ400 አንዱን እንኳ አይሞላም!

ስለዚህ 20 ሚሊዮን የሚባለው ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው፣ ሁሉም ሻጮች ተሰልፈው ቢመጡ ተካፍለው የሚወጡት ያችን 45 ሺ ዶላር ነው። መምህር ያሉትን በወር 4 ሚሊዮን ዶላር አንሎክ ከዚች 45 ሺ አጠገብ አስቀምጣችሁ እዩት፣ እኔ ሳየው ደነገጥኩ።

ጣና_ዳር፦
ይሄንን አላውቅም ነበር። እውነት ለመናገር እኔም የያዝኳቸው ሁለት ቶከኖች አሉ፣ ፑላቸውን አይቼ አላውቅም። አሁን ላይ እያየሁ ነው።

የቡሬ_ልጅ፦
እኔም ዛሬ ነው የገባኝ። ኮድ ወንድሜ ሌላ ምን ልይ? በርበሬውን ጆሮዬ ጋ እንደማንቀጫቅጨው ማለቴ ነው፣ በእጄ ላጣራው የምችለውን ንገረኝ።

ኮድ_ባሕር_ዳር፦
የቶከኑን ኮንትራክት (ቶከኑ የሚሠራበት ፕሮግራም) አድራሻ ኤክስፕሎረሩ (የብሎክቼይኑ መዝገብ የሚነበብበት ድረ ገጽ) ላይ አስገባ፣ ቢኤንቢ በሚባለው ብሎክቼይን ላይ ከሆነ ቢኤስሲ ስካን ነው። ሆልደርስ (ቶከኑን የያዙ) የሚለውን ክፈት፣ ከላይ ያሉትን አስሩን ዋሌት (የቶከን ቦርሳ) እይ፣ ፑሉን ራሱን፣ የተቃጠለበትን አድራሻና የተቆለፈበትን ኮንትራክት ቀንስ፣ የቀረው በሰው እጅ ያለ ነው። አንድ ሰው ግማሹን ይዞ ከሆነ ዋጋ የሚያወጣው ገበያ ሳይሆን እሱ ነው። ከዛ ኮንትራክቱ ውስጥ ባለቤቱ አዲስ ቶከን የማተም ሥልጣን አለው ወይ፣ ሲሸጥ የሚቆረጥ ታክስ አለ ወይ፣ ታክሱን መቀየር ይችላል ወይ። የፑሉ ገንዘብ እስከ መቼ እንደተቆለፈም እይ፣ ቁልፉ ያለቀ ቀን ዶላሩን ሁሉ ይዘውት መሄድ ይችላሉ፣ ያኔ ዋጋው ዜሮ ሆነ ብሎ መናገርም አይቻልም የሚገዛህ ራሱ የለም።

ከሁሉም በፊት ግን ትንሿን ሽጠህ ሞክር። መግዛት መቻልህ መሸጥ ትችላለህ ማለት አይደለም። በሕዳር 2021 በፈረንጆቹ ስኩዊድ የሚባለው ቶከን ከ2,800 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፣ የገዛው ሰው መሸጥ አይችልም ነበር፣ ለዛ ነው ወደ ላይ ብቻ የሄደው፣ ከዛ በደቂቃዎች ውስጥ ዜሮ ተጠጋ። የማይሸጥ ነገር ግራፉ ሁሌ ያምራል። ሙከራህ ደሞ ተሳካ ብለህ ነገም ይሳካል አትበል፣ ባለቤቱ ሥልጣን ካለው ነገ ይዘጋዋል።

ጣና_ዳር፦
እሺ ይሄ ሁሉ አደጋውን ነው የሚያሳየው። ግን የመጀመሪያው ጥያቄ አልተመለሰም፣ ትክክለኛው ዋጋው ስንት ነው? ሠሪዎቹ ንጹህ ሰዎች ቢሆኑ፣ ፑሉም ሰፊ ቢሆን፣ 0.05 ልክ ነው አይደለም በምን ይታወቃል? መምህር እርስዎ ቢያስረዱን።

የሒሳብ_መምህር፦
ደስ ይለኛል፣ እዚህ ላይ ነው ልብ መደረግ ያለበት። ቶከኑ እንደ አክሲዮን የትርፍ ድርሻ የሚሰጥ ከሆነ በትርፉ ትመዝነዋለህ። የማይሰጥ ከሆነ፣ ልክ እንደዚህኛው መክፈያ ነው ካሉ፣ ለዛ ሥራ ስንት ቶከን ያስፈልጋል ብለህ ነው የምትጀምረው።

ገበያ ቀን አንዲት ባለ 200 ብር ኖት ተከተላት። ጠዋት በርበሬ ሻጯ እጅ ገባች፣ እሷ ጨው ገዛችባት፣ ጨው ሻጩ ለጫኙ ከፈለባት፣ ጫኙ ምሳ በላባት። 800 ብር ግብይት በ200 ብር ተሠራ። ገበያው ውስጥ የ800 ብር ሥራ ስላለ 800 ብር አያስፈልገውም፣ ገንዘብ ይዞራል። ቶከንም ይዞራል፣ እንዲያውም ከብር ይፈጥናል፣ ምክንያቱም ገበሬው በቶከን እንደተከፈለው ማዳበሪያና ዘይት የሚገዛው በብር ነውና ወዲያው ይሸጠዋል፣ ማንም በኪሱ አያቆየውም።

በዓመት የ10 ሚሊዮን ዶላር እህል በቶከኑ ይገበያያል እንበል። ዛሬ የለም፣ ግን እንስጣቸው። ዶላሩን በ150 ብር ብናስበው 1.5 ቢሊዮን ብር ነው፣ ለጀማሪ ብዙ ነው። እያንዳንዱ ቶከን በዓመት 20 ጊዜ እጅ ይቀይራል እንበል። ያን ሥራ ለመሥራት የሚበቃው የ500 ሺ ዶላር ቶከን ነው። 500 ሺን ለ400 ሚሊዮን ስታካፍለው 0.00125 ዶላር። አሁን ካለው ዋጋ 40 ጊዜ ያንሳል። ለ10 ቢሊዮኑ ካካፈልከው 0.00005 ነው፣ ሺህ ጊዜ ያንሳል። 20 የሚለው የኔ ግምት ነው፣ አይ 5 ጊዜ ነው የሚዞረው የሚለኝ ካለ 0.005 ይሆናል፣ እሱም 10 ጊዜ ያንሳል። ወደ ኋላ ሂደህ ብታስላውም ይሆናል፦ 0.05 ልክ እንዲሆን፣ ያውም 400 ሚሊዮኑን ብቻ ቆጥረን፣ በዓመት የ400 ሚሊዮን ዶላር እህል በዚህ ቶከን መገበያየት አለበት። 60 ቢሊዮን ብር ነው። ዛሬ ስንት ኩንታል ተገበያየበት? ይሄን ጠይቃቸው።

ጣና_ዳር፦
መምህር ይሄ በጣም ግልጽ ነው። ግን ሰው እኮ የሚገዛው ለዛሬ ሥራው አይደለም ነገ ይጨምራል ብሎ ነው፣ የትራምፕ ኮይን ምንም ሥራ ሳይኖረው በሁለት ቀን ከ70 ዶላር በላይ ሄዷል።

መንቆረር፦
ሄዷል፣ ግን ሙሉ ታሪኩን እንናገር። በጥር 2025 በፈረንጆቹ ሲወጣ 200 ሚሊዮን ነው ገበያ ላይ የዋለው፣ ጠቅላላው 1 ቢሊዮን ነው፣ 80 በመቶው የሠሪዎቹ ድርጅቶች እጅ ነው። በ70 ዶላር ስታባዛው ሙሉው 70 ቢሊዮን ዶላር ይመጣል። በዛ ዋጋ የገዛ ሰው ከሱ በኋላ የሚመጣ ሰው ከዛ በላይ ይከፍላል ብሎ ነው የገዛው እንጂ ሌላ የሚይዘው ነገር አልነበረም፣ ሚያዝያ ላይ ከ10 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ተስፋም ዋጋ አለው አልክድም፣ ግን ተስፋ የገዛ ሰው ተስፋ መግዛቱን ይወቅ፣ ርካሽ እህል የገዛ አይምሰለው።

ፋግታ_ዲከረንስ፦
ከአዊ ነኝ፣ በአጭሩ አንድ ነገር ልጨምር። ብሔራዊ ባንክ በ2014 የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ ነው፣ በክሪፕቶ መክፈል ሕገወጥ ነው ብሎ አስጠንቅቋል። የኔ ጎረቤት ክሪፕቶ በሰው ለሰው ሲሸጥ የማያውቀው ሰው ብር ላከለት፣ ብሩ የተሰረቀ ሆኖ ተገኘና አካውንቱ ታገደ፣ የከሰል ሽያጭ ገንዘቡ ሁሉ እዛ ውስጥ ነበረ፣ ስንት ወር ተመላለሰ። ቶከኑ ቢያጭበረብርህ አቤት የምትልበት ቢሮ የለም። እሱም ከዋጋው ላይ የሚቀነስ ነገር ነው፣ ሒሳብ ውስጥ አስገቡት።

የቡሬ_ልጅ፦
ወንድሞቼ እህቴ፣ ትናንት ማታ ከእህቴ ጋ ቁጭ ብለን ያላችሁኝን በሙሉ አየን፣ እሷ ወረቀት ይዛ እየጻፈች እኔ ስልኬን እየከፈትኩ። አንድ ዋሌት ብቻውን 61 በመቶ ይዟል፣ የተቆለፈበት ኮንትራክት አይደለም፣ ተራ ዋሌት ነው። "6 ወር ተቆልፏል" የተባለውን 2 ቢሊዮን የቆለፈ ኮንትራክት ፈልገን አጣን። ወረቀታቸው የያዘ ሰው "ድምጽ ይሰጣል" ይላል እንጂ ከትርፍ ይካፈላል የሚል የለበትም። ከዛ ለሙከራ 100 ቶከን ሸጥኩ፣ 5 ዶላር መምጣት ነበረበት፣ የመጣው 4 ዶላር ከ48 ሳንቲም ነው። ሲሸጥ 10 በመቶ ይቆረጣል ለካ፣ ስገዛ ማንም አልነገረኝም፣ ኮንትራክቱ ላይ ደሞ ባለቤቱ ቁጥሩን መቀየር ይችላል።

አድሚኑን ግሩፑ ላይ በትሕትና ጠየቅኩት፣ ዛሬ በቶከኑ ስንት ኩንታል እህል ተገበያየ፣ የሠሪዎቹ 2 ቢሊዮን የተቆለፈበትን አድራሻ ስጡን አልኩ። ሁለት ሰው "እኛም ማወቅ እንፈልጋለን" ብለው ጻፉ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሶስታችንንም አስወጣን። የቀረችውን ወዲያው ሸጥኳት፣ ከ20 ዶላሬ 17 ዶላር ከ80 አካባቢ ተመለሰልኝ። 57ቷ ሺ እህቴ አካውንት ላይ ናት።

አሁን ግን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የፑሉ ቁልፍ የሚያልቀው ከ11 ቀን በኋላ ነው። ያስገባኝ ጓደኛዬ 180 ሺ ብር አለው እዛ ውስጥ፣ የሞተር ሳይክሉን ሽጦ ነው። ስለ 61 በመቶው በጽሑፍ ላክሁለት፣ "ቀናህብኝ" አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው?

ሰላም_ከፍኖተ_ሰላም፦
በጽሑፍ አትጨቃጨቀው። እኔ ወንድሜን በቴክስት ነው ያጣሁት፣ ሁሉን ለግሩፑ እያሳየ መልስ ይጻፍለት ነበር። በአካል ሂድ፣ ለብቻው አግኘው።

ኮድ_ባሕር_ዳር፦
ስትሄድ 61 በመቶውን ወይም ግድቡን ምናምን አታንሳበት። የቁልፉን ገጽ ብቻ በሱ ስልክ ላይ፣ በራሱ ጣት አስከፍተውና ቀኑን ያንብብ። ከዛ 100 ቶከን ሽጥ በለው፣ ስንት እንደሚመጣለት ራሱ ይየው። ሙከራው ከሠራ የቀረውን እንዳያዘገይ ደሞ ንገረው፣ በ150 ብር ሒሳብ 180 ሺው 1,200 ዶላር ነው፣ 24 ሺ ቶከን አካባቢ ይሆናል፣ ለፑሉ ትንሽ ነው፣ ቀናት አያሳድር፣ ሌሎቹም ቀኑን እያዩ ነው።

የሒሳብ_መምህር፦
ስልኬን በውስጥ ልኬልሃለሁ። ካስፈለገ አብረኸው ስትሆን ደውሉልኝ፣ ማታም ቢሆን አነሳለሁ።

የቡሬ_ልጅ፦
ደረሰኝ መምህር፣ እግዜር ያክብርልኝ። ሶስት ጊዜ ደወልኩለት አያነሳም። ደንበጫ ነው ያለው፣ ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ።